ለዳግማዊ ትንሣኤ ቅዳሜና እሁድ አዋሽ ላይ አሳ ማጥመድ፦ ከአዳማ የት እንሂድ?

ታናሽ እህት (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታላቅ ወንድሜ ከፖርትላንድ ሊመጣ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ከሄደ 19 ዓመቱ ነው። በመሃል የመጣው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ለአባታችን ልቅሶ። አሁን የ14 ዓመት ልጁን ይዞ ይመጣል። ፋሲካን እናታችን ቤት ይውላል። የዳግማዊ ትንሣኤን ቅዳሜና እሁድ ግን ለአሳ ብቻ ብሎ ለይቶታል። ሻንጣው ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ዘንጎች ከወዲሁ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል።

እዚያ በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ሳልሞን ያጠምዳል። ኮሎምቢያ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። ወሩ ሲደርስ ስደውልለት ሌላ ወሬ የለውም። ውሃው ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ግድቡን ስንት አሳ እንዳለፈ፣ ቅዳሜ ማጥመድ ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነ ይነግረኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «አዋሽን ለልጄ ማሳየት እፈልጋለሁ። እንደዚህ ያሉ ሁለት ቀናት አዘጋጂልኝ።»

እኔ አሳ አጥምጄ አላውቅም። የትሉን ጣሳ ግን ተሸክሜያለሁ። አባታችን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼን ይዞ ወደ አዋሽ ሲወርድ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ዘንግ አልነበረንም። ክሩ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ከፍ ብሎ አንድ ቁራጭ እርሳስ። አባታችን ክሩን በሌባ ጣቱ ላይ አሳርፎ ዝም ይላል። አሳው ሲነካው ፊቱ ላይ ነበር የማየው። ቦታው ከሸንኮራው እርሻ ማብቂያ በታች፣ ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ትልቅ ሾላ ያለበት ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቆቃ ሄደን በጀልባ ሐይቁ ላይ። ከሰዓት ሶደሬ ሄደን ማደር። እሁድ ማለዳ እዚያው አዋሽ ላይ ማጥመድ፣ ለምሳ አዳማ እናታችን ጋ።

ይሆናል? ለልጁ አደጋ የለውም? አዞ አለ ሲሉ እሰማለሁ። ለማጥመጃ ምን ይሻላል? ፈቃድስ ይጠየቃል? ደግሞ ጋሼ ሻንጣውን በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚዘጋው፤ ከዚያ ምን ይዞ ይምጣ? አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «አስጎብኚ ቅጠሩ» ብቻ ብላችሁ አትተዉኝ። ወንዙን የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው።

ከወንጂ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ጋሼሽም በሰላም ይግባ። አዋሽን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አሁን 58 ዓመቴ ነው። የምነግርሽን በደንብ ያዢልኝ።

በመጀመሪያ ዕቅድሽ ተጨናንቋል። ቆቃ፣ ሶደሬ፣ አዋሽ፣ ሁሉንም በሁለት ቀን። አሳ እንዲህ አይጠመድም። ግማሹ ጊዜ መኪና ውስጥ ያልቃል። ቅዳሜን ለሐይቁ፣ እሁድን ለወንዙ ስጪ። ማደሪያችሁ አዳማ ቤታችሁ ይሁን። ወንጂ ከአዳማ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሶደሬም 25 ቢሆን ነው። ለዚህ ርቀት ሌላ ቦታ ማደር አያስፈልግም።

አሁን ስለ ሰዓት። አምባዛ ምሽት ላይ ነው የሚበላው። ጨለማ ሲሆን ከጥልቁ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እስኪመሽ መቆየት ይፈልጋል። እናንተ ግን አትቆዩ። ጉማሬም ማታ ነው ለግጦሽ ከውሃ የሚወጣው። ጉማሬ ሰውን ሊበላ አይመጣም። ሰው በእሱና በውሃው መሃል ሲቆምበት ግን አይምርም። ከቆቃ ግድብ በታች ያለውን ወንዝ እዩት፣ ፎቶ አንሱ፣ ግን እዚያ አታጥምዱ። ጉማሬው እዚያ ነው ያለው። የእናንተ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናው ጋ ሁኑ። ይህን ለልጁ አባት ከወዲሁ ንገሪው። የሰለጠነ አጥማጅ ስለሆነ «አሁን ገና መብላት ጀመረ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ» ማለቱ አይቀርም። እሺ አትበዪው።

አዞም አለ። ሶደሬ አካባቢም፣ ከዚያ በታችም። አዞ የሚያድነው የለመደውን ቦታ ነው። ሰው በየቀኑ ውሃ የሚቀዳበት፣ ከብት የሚጠጣበት መውረጃ ጋ አትቀመጡ። ከውሃው ጠርዝ አራት አምስት እርምጃ ራቁ፤ ዘንግ ካላችሁ ክሩን ከዚያም መወርወር ይቻላል። የያዛችሁትን አሳ በክር አስራችሁ ውሃ ውስጥ አትተዉ። እዳር ላይ አትረዱት። አንጀቱንም እዚያው አትጣሉ። ይህ ሁሉ አዞውን መጥራት ነው። ልጁ ደግሞ እጁ ሲጨማለቅ ወንዙ ዳር ቁጢጥ ብሎ መታጠብ ያምረዋል። በጀሪካን ውሃ ያዙለት።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር የግድቡ ውሃ ነው። ቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ነው ሥራ የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ከግድቡ በታች ያለው አዋሽ የሚሞላውና የሚጎድለው በዝናብ ብቻ አይደለም። ውሃ ሲለቀቅ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ከፍ ይላል። የአሸዋ ደሴት አገኘን ብላችሁ መሃል ገብታችሁ እንዳትቀመጡ። ስትደርሱ አንድ ድንጋይ ላይ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ከተዋጠ ዕቃችሁን ሰብስቡ። እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው።

ጋሼሽ እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ ይዤ ልምጣ ካለሽ ይተወው። እዚያ አገር ወንዝ ውስጥ ቆመው ያጠምዳሉ። እዚህ ማንም ውሃ ውስጥ አይቆምም። ከአዞው ሌላ ቢልሃርዚያ አለ። ወንጂ አካባቢ በመስኖው ቦይ ብዙ ሰው የታመመበት ነገር ነው። ልጁ በባዶ እግሩ ቦይ ውስጥ እንዳይገባ።

አሳውን ልንገርሽ። አዋሽ ላይ የምታገኙት ሦስት አራት ዓይነት ነው። አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ነጭ አሳ፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ ካርፕም አለ። ነጭ አሳ የምለው ወርቅማ ቅርፊት ያለውን፣ አፉ ዳር ጢም ያለውን ነው፤ ቢልጫ የሚሉትም አሉ። ለጋሼሽ የምመኝለት እሱን ነው። ኃይለኛ ነው። ወራጅ ውሃ ይወዳል። ውሃው ጥርት ካለ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ማንኪያ መሳይ ማጥመጃን አሳድዶ ይነክሳል። ውሃው ከደፈረሰ ግን አያየውም። በልግ ስለሆነ ዘንቦ ከሆነ ይደፈርሳል። ያኔ ነጭ አሳን ተዉትና ወደ አምባዛ ዙሩ። አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተት ነው። የዶሮ አንጀት ከሥጋ ቤት ጠይቂ። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ማደር አለበት። ሽታው ያስቸግራል፤ ክዳን ያለው ዕቃ ያዢ። ለቆሮሶና ለካርፕ ትል፣ ወይም ጠንከር ያለ የስንዴ ሊጥ። ትሉን ከሙዝ ሥር፣ እርጥብ አፈር ቆፍራችሁ ታገኛላችሁ። ልጁ ይቆፍር። ደስ ይለዋል።

ከውጭ ይዞ የሚመጣው፦ ጠንካራ የተገመደ ክር፣ 30 ፓውንድ የሚችል። የተለያየ መጠን መንጠቆ። ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ። እጀታው የሚታጠፍ ትንሽ መረብ። ዕርሳሱን እዚህ አገኛለሁ፣ ከባድ ነው አይሸከም። ለሐይቁ ደግሞ ለልጁ ልክ የሚሆን የሚነፋ ሳይሆን ደረቅ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት። ይህን ካላመጣ ጀልባ ላይ አትውጡ።

ቅዳሜ ቆቃ ስትሄዱ ከአሳ አስጋሪዎቹ ጋር ተነጋገሩ። እነሱ ሌሊት መረብ ጥለው ማለዳ ነው የሚያነሱት። ከእነሱ ጋር መረብ ሲያነሱ ማየት ለልጁ ትልቅ ትምህርት ነው። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። ረፋድ ሲሆን ውጡ። ከሰዓት ነፋስ ይነሣል፣ ሐይቁም ይናወጣል። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር ተንሳፍፎ ካያችሁ ከዚያ ቦታ አሳ አትብሉ፣ እጃችሁንም አትንከሩ። ከላይ ከከተማና ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣ ብዙ ነገር ይገባበታል። ያን ሳይ ልቤ ይደማል። ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ስለ ፈቃድ፣ የአሳ ሀብት አዋጅ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ለሽያጭ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። እናንተ ለመዝናናት ቢሆንም ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ቀን ቀድመሽ ሂጂና ጠይቂ። ሰዎቹ ያውቃሉ፤ የት አካባቢ ሰው እንደማይከለክላችሁም ይነግሩሻል።

ስለ አባትሽ ቦታ፣ ሾላውን አውቀዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ነበር። ወንዙ በጎርፍ ተንቀሳቅሷል፣ የጎርፍ መከላከያ አፈርም ተከምሯል። እሁድ ጠዋት መጀመሪያ ያለ ዘንግ ሄዳችሁ እዩት። ካለ፣ ዳሩ ገደል ካልሆነና ከብት የማይወርድበት ከሆነ ተቀመጡ። ካልሆነም አባታችሁ የቆመበት ውሃ ነውና ለልጁ አሳዩትና ወደ ሌላ ቦታ እለፉ።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

እኔ እንኳን ወደ ሐዋሳ ኑ ልላችሁ ነበር። ከአዳማ 200 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ለሁለት ቀን ግን ይበቃል። አሞራ ገደል ማለዳ ላይ ብትደርሱ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ልጆቹ አሳውን እየገፈፉ ፊሌቶ ሲያወጡ፣ አባ ኮዳዎቹ ከአጠገባቸው ቆመው ሲጠብቁ ታያላችሁ። ለ14 ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ጠዋት የለም። ትኩስ አሳ ጥብስም እዚያው አለ።

ነገር ግን ሐዋሳ ወንዝ አይደለም። ወንድምሽ ወራጅ ውሃ ላይ ቆሞ ክር መወርወር ከሆነ የናፈቀው፣ ከወንጂ ያሉት ጋሼ ትክክል ናቸው። እኛ ጋም ጉማሬ ስላለ የማታውን ምክር አጥብቀሽ ያዢው። ሌላ ልጨምር የምፈልገው ስለ ቆሮሶ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹም ሲፈሩ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በዚያን ጊዜ ስለማትበላ መንጠቆ ብዙም አይዛትም፣ መረብ ግን ይይዛታል። ቆቃ ላይ መረብ ሲነሣ አፏ የሞላ ካያችሁ እንዲለቋት ለምኑ። ቀስ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ሐይቃችን ላይ አሳው እያነሰ ያየ ሰው ይህን ነገር ችላ አይልም።

ከዶዶላ

የሳልሞን ነገር ስላነሳሽ አንዲት ነገር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሳልሞን የለም። የቅርብ ዘመዱ ትራውት ግን ባሌ አለ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ መጥቶ ደጋ ወንዞች ላይ ተለቀቀ። ዌብና ዳንካ ላይ፣ ዲንሾ አካባቢ ይገኛል። ውሃው በረዶ ነው፣ ዙሪያው ጭጋግና አስታ። ወንድምሽ ካየው አገሩ የገባ ይመስለዋል።

ግን ከአዳማ በአሰላና በቆጂ አድርጎ ዲንሾ ድረስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ቅዳሜ ሄዶ እሁድ መመለስ አይሆንም። ቦታውም ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ከዋናው ጽሕፈት ቤት ሳያስፈቅዱ ክር መጣል የለም። ለሚቀጥለው ዓመት አራት ቀን ይዞ ይምጣ።

የወንዝ ማዶ (ፖርትላንድ)

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ነኝ፣ እኔም ከአዳማ ነኝ። ወንድምሽን ላውቀው እችላለሁ፣ ላላውቀውም እችላለሁ። ግን ልቡን አውቀዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሚያወራ ልንገርሽ፤ ለዝግጅቱ ይጠቅምሻል።

የጸደይ ሳልሞን ቺኑክ የሚባለው ዓይነት ነው። ከውቅያኖስ ወደ ተወለደበት ወንዝ ሲመለስ ነው የሚጠመደው። ኮሎምቢያ ርዝመቱ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው። አሳው ከየካቲት አካባቢ ጀምሮ መግባት ይጀምራል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይበዛል። እንቁላል የሚጥለው ግን በበጋው መጨረሻና በመኸሩ ነው። እስከዚያ ድረስ አይበላም። ከባህር ይዞት በመጣው ስብ ነው የሚኖረው። ለዚህ ነው የጸደዩ ሥጋ እንደዚያ የሚጣፍጠው፣ ስቡ ገና አላለቀም። እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። አንዳንዱ እስከ አይዳሆ ተራሮች ድረስ ይወጣል።

ቦነቪል የሚባል ግድብ አለ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. የተሠራ። ጎኑ ላይ ለአሳ ደረጃ አለው። የሚያልፈውን አሳ በመስኮት ቆጥረው በየቀኑ ያወጣሉ። ወንድምሽ «ስንት አለፈ» የሚልሽ ይህን ነው። መንግሥት ቁጥሩን እያየ ማጥመድን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንዳንዴ በጥቂት ቀን ማስታወቂያ። ሌላም ሕግ አለ። በማርቢያ ጣቢያ ያደጉት ጫጩት ሳሉ ከጭራቸው ፊት ጀርባቸው ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ ትቆረጣለች። ክንፏ ያለች ከሆነ የዱር አሳ ነው፣ ከውሃ ሳታወጪው ትለቂዋለሽ። ሰው ሙሉ ቀን ብርድ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ አሳ ይዞ፣ ክንፏን አይቶ ይለቃል። አንድ ጊዜ ያን ሳደርግ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ለእናንተ የሚጠቅመው ይህ ነው። ሳልሞን ስለማይበላ የሚነክሰው ሲናደድ ወይም ሲለምድበት ነው፤ ስለዚህ እዚህ የምንጠቀመው የሚንቀጠቀጥ፣ የሚሽከረከር ነገር ነው። አምባዛ ግን ርቦት ነው የሚመጣው። ወንድምሽ የሳልሞን ማጥመጃውን ሁሉ ጠቅልሎ ይዞ እንዳይመጣ። ትናንሾቹን ለነጭ አሳ ይያዝ፣ ትላልቆቹን እዚህ ይተው። ዘንጉ ግን ይሆናል። እርሳሱን ወንዙ ሥር አሳርፎ፣ ክሩን ወጥሮ መጠበቅ እዚህም እዚያም ያው ነው።

ልጁን በተመለከተ፣ እዚህ ያደጉት ልጆቻችን «ልቀቀው» የሚለውን ቀድመው ይማራሉ። እዚያ ደግሞ የተያዘ ይበላል። ሁለቱንም ለልጁ ቀድማችሁ አስረዱት። አለበለዚያ የመጀመሪያውን አሳ ይዞ ሲያለቅስ ታገኙታላችሁ።

ታናሽ እህት (አዳማ)

ኧረ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁሉንም አንብቤ ለጋሼ በስልክ አነበብኩለት። ስለ ጎማ ሱሪው ስነግረው ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ «እሺ፣ ይቅር» አለ። ስለ ክንፏ ያሉትን ስነግረው ደግሞ «ማን ነው እሱ? አድራሻውን ጠይቂልኝ» አለ። ወንድሜ፣ ከፈቀዱ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

ዕቅዱን ቀይሬዋለሁ። ሶደሬ ቀርቷል። ቅዳሜ ንጋት ላይ ቆቃ፣ መረብ ሲነሣ ማየት፣ ረፋድ ላይ መውጣት። እሁድ ወንጂ። ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ማክሰኞ እሄዳለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ እናታችን አምባዛ አትበላም። ቅርፊት የሌለው አሳ አይበላም ብላ ነው ያደገችው፣ እኛንም ቤት ውስጥ አብስላልን አታውቅም። አባታችን አምባዛ ሲይዝ ለጎረቤት ነበር የሚሰጠው። ብንይዝ ምን እናድርገው? ሁለተኛ፣ አምባዛ እሾህ አለው ይባላል። ልጁ እንዴት ይያዘው?

ከወንጂ

የእናትሽን ቤት ሥርዓት አክብሩ። አምባዛውን ወደ እናትሽ ማዕድ ቤት አታስገቡ። በሕይወት ሳለ ልቀቁት፣ ወይም እዚያው ያሉትን ልጆች ስጡ፣ ደስ ብሏቸው ይወስዱታል። አምባዛ ከውሃ ወጥቶ አየር መተንፈስ የሚችል አሳ ነው፤ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ለመወሰን ጊዜ አላችሁ። ለእናትሽ ቆሮሶ ያዙላት። ካርፕም ቅርፊት አለው፣ አጥንቱ ግን ይበዛል፣ ለእሷ አትስጡ።

እሾሁ ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉት ክንፎች ላይ ነው። ሲቆጣ ወደ ጎን ይዘረጋቸዋል። ከወጋ ያማል፣ ያብጣል። ልጁ አይንካው። ጋሼሽ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ፣ ከሁለቱ ክንፎች ኋላ ሆኖ ከላይ ይጨብጠው። መንጠቆውን በፒንሳ። እጁ ላይ የሚቀረውን የሚያዳልጥ ዝልግልግ በአመድ ያስለቅቅ።

ቆሮሶ ላይም ተጠንቀቁ። የጀርባ ክንፉ ሹል ነው። ከራስ ወደ ጭራ በእጅ እያስተኙ ነው የሚይዙት።

ታናሽ እህት (አዳማ)

እናታችን አንድ ነገር አስደነገጠችኝ። ስለ ጉዞው ስነግራት ተነሥታ ሣጥን ከፈተች። አባታችን ክሩን የሚጠቀልልበት እንጨት እዚያ ነበር። በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። እኔ የተጣለ መስሎኝ ነበር። እንጨቱ መሃሉ ላይ በክሩ ተቦርቡሮ ጎድጉዷል። መንጠቆው ዝጓል። ክሩ ሲነካ ይበጠሳል። እርሳሱ ግን አለ፣ በመዶሻ ጠፍጥፎ የሠራው።

ለጋሼ አልነገርኩትም። እሁድ ጠዋት እዚያ ስንደርስ ለልጁ ልስጠው ብያለሁ። ዘንጎቹን አባቱ ይያዝ። ልጁ በአያቱ እንጨት ይሞክር። አዲስ ክርና መንጠቆ ግን ያስፈልገዋል። አዳማ ገበያ ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ፣ የልብስ ስፌት ክር ነው የሚያሳዩኝ። ወፍራም ናይለን የት አገኛለሁ? ስንት ሜትርስ ይበቃል?

ከወንጂ

30 ሜትር ይበቃል። በእጅ ለሚወረወር ከዚያ በላይ ይተበተባል። ገበያ አትልፊ፣ ከእኔ ዘንድ አለ፤ መንጠቆም አለኝ። ሲጠቀልል መጀመሪያ ክሩን እንጨቱ ላይ ቋጥሮ ይሰር፣ አለበለዚያ ትልቅ አሳ ሲጎትት እንጨቱን ጥሎ ክሩን ይዞ ይሄዳል። ጣቱ ላይ አንድ ዙር ጨርቅ ያስርለት አባቱ። ናይለን ይቆርጣል።

እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወንጂ መግቢያው ጋ እጠብቃችኋለሁ። ሾላውን አብረን እንፈልጋለን። ትሉን እኔ አመጣለሁ። ጣሳውን አንቺ ያዢ።